በማኅበር መካከል ድካማችንን እስከ ምን ድረስ እንግለጥ?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ የምንጠጣ ጎረቤታሞች ነን፤ አብዛኞቻችን በዕጣ ቤት ደርሶን ከመሀል ከተማ የመጣን ስለሆንን ማኅበሩ የዘመድ ያህል ሆኖልናል። ባለፈው ወር ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እየተቀዳ ሳለ የማኅበሩ መሪ የሆኑት ሙሴያችን እንደ ልማዳቸው «እንዴት ከረማችሁ?» ሲሉ ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን አለፍን። አዲስ የገባች አንዲት እህት ግን ከባለቤቷ እናት ጋር እንደ ተጣላች፣ ይቅር ማለት እንዳቃታትና በዚሁ ምክንያት ከቁርባን እንደ ራቀች ተናገረች። ማንም አልመለሰላትም፤ ቀጂዋ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘች ቀረች፣ ከዚያም አንዱ ስለ ውኃ ፈረቃ አነሣ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ብሎኩን አዳረሰው፤ በዚህ ወር እርሷ አልመጣችም። ክርስቲያን ጉድለቱን በምእመናን ፊት ሊናገር ይገባዋልን? ወይስ ለንስሐ አባቱ ብቻ?

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ከአያት፦
የኃጢአት ዝርዝር ቦታው የንስሐ አባት ፊት ነው፤ ካህኑ የሰማውን እንዳያወጣ ሥርዓት ያስረዋል፣ ጎረቤትን ግን የሚያስረው የለም። ይህ ማለት ግን በሰው ፊት ንጹሕ መስለን እንታይ ማለት አይደለም። የስቅለትን ማታ ያስቡት፦ ከስግደቱ በኋላ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ባለሥልጣኑም የቀን ሠራተኛውም በአንድ ሰልፍ ቆመው ወደ ካህኑ ይቀርባሉ፤ የሠሩትን በጆሮ ተናግረው በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ጠብ ጠብ ተደርገው የታዘዘላቸውን ስግደት ይዘው ይሄዳሉ። ኃጢአተኛ መሆናችንን ሰልፉ ለሁሉ ያሳያል፣ ምን እንደ ሠራን ግን ካህኑ ብቻ ይሰማል። የእናንተ ማኅበር ያጣው የመጀመሪያውን ይመስለኛል።

ወንድም፣ ከለገጣፎ፦
እኔ የወንጌላውያን አማኝ ብሆንም አሳቤን ልስጥ። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ቁጥር 16 «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ሲል እርስ በርስ የሚለውን በከንቱ አልጨመረውም። በእኛ የቤት ለቤት ኅብረት ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ በጥቂቱ ተቀምጠን እንነጋገራለን፣ የተባለውም ከበር አይወጣም። ሆኖም እኛም የራሳችን ችግር አለብን፤ ምስክርነት ሲሰጡ የድሮ ስካራቸውንና ድብድባቸውን በኩራት ያህል የሚተርኩ፣ የዛሬውን ቁጣቸውንና ስስታቸውን ግን የማያነሡ አሉ። ያለፈን ኃጢአት መናገር ዋጋ አያስከፍልም። ያቺ እህት የተናገረችው ገና ያልተፈታውን ነው፤ በዚህ ከብዙዎቻችን ትበልጣለች።

እናት፣ ከኮዬ ፈጬ፦
ሁለታችሁም የት መናገር እንደሚገባ በመከራከር የሰሚውን ነገር አለፋችሁት። እኔ እንደማየው እህታችን ንስሐ ልግባ ብላ ሳይሆን የሚያስታርቃት ፈልጋ ነው የተናገረችው፤ ለዚህ ደግሞ ከማኅበር የተሻለ ቦታ ከወዴት ይገኛል? የጴጥሮስን ክህደት አራቱም ወንጌላውያን ጽፈውታል፤ የሐዋርያት አለቃ ነውና ይሸፈንለት አላሉም፣ እርሱም በዚያ ምክንያት ከወንድሞቹ አልተለየም። እኛ ዘንድ ግን ደካማ መሆኑን የተናገረ ሰው የቡና መጠጫ ወሬ ይሆናል። ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፉ ሁለት ሴቶች ወደ ቤቷ ይሂዱ፤ ማኅበሩ በሙሉ ግር ብሎ አይሂድባት፣ ዳግመኛ ታፍራለች። ስለ ወሬው በግልጽ ይቅርታ ይጠይቋት፣ ከፈቀደችም ባለቤቷን ይዘው ወደ አማቷ ሽማግሌ ይላኩ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልጠቀስሁት አንድ ነገር አለ፤ ወሬውን ያወጡት ሙሴያችን ራሳቸው እንደ ሆኑ ሰምቻለሁ።

እናት፣ ከኮዬ ፈጬ፦
እንግዲያው በማቴዎስ ምዕራፍ 18 እንደ ታዘዘው ብቻዎን ሄደው ይንገሯቸው፤ በሚቀጥለው በ12 በጉባኤ አያንሡት። እውነት ሆኖ ከተገኘ ወደ እህታችን ቤት ከሚሄዱት ሴቶች ጋር እርሳቸውም ይሂዱ። ይህም ራሱ በወሬ የሰሙት ነውና ከማመንዎ በፊት አስቀድመው ከራሳቸው አፍ ይስሙ።