በሲ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ቀመር ፕሮግራሙ እየሮጠ እንዴት ላስላው?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች። ተጠቃሚው ራሱ 3*ኤክስ+2 ዓይነት ቀመር ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ ኤክስን ከ0 እስከ 1000 እየቀያየርኩ ውጤቱን ማተም አለብኝ። ፓይተን ላይ የተጻፈ ቀመርን በቀጥታ የሚያሰላ ኢቫል አለ፣ ሲ ላይ ግን አጣሁት። ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብኩ ለማስላት ሞክሬ 2+3*4 ስሰጠው 20 ይለኛል። ሁለት ቀን ሆነኝ፣ መላ በሉኝ።

ሴግፎልት፦ ኢቫል ሲ ውስጥ የለም፣ አትድከም። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር አብሮት የለም። እኔ አንዴ ቀመሩን የሲ ፋይል ውስጥ ጽፌ፣ በሲስተም ፋንክሽን ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር ጠርቼ፣ የወጣውን ላይብረሪ በዲኤልኦፕን ወደ ፕሮግራሙ ጭኜ ሠርቼዋለሁ። አሪፍ ይሠራል።

ባዶ ጠቋሚ፦ መሥራቱን ይሠራል፣ ግን እንዳትሞክረው። ሰውየው በቀመር ፈንታ ፋይል የሚያጠፋ ኮድ ቢጽፍልህስ? ፕሮግራሙ የሚሄድበት ማሽን ሁሉ ላይም ኮምፓይለር ያስፈልግሃል።

ሦስት ፋንክሽን ይበቃሃል። አንደኛው + እና - ብቻ ያያል፣ ቁጥር ሲፈልግ ሁለተኛውን ይጠራል። ሁለተኛው * እና / ይዞ ሦስተኛውን ይጠራል። ሦስተኛው ቁጥር ወይም ኤክስ ያነባል፣ ቅንፍ ከገጠመው ግን ተመልሶ አንደኛውን ይጠራና መዝጊያው መኖሩን ያረጋግጣል። ያንተን 2+3*4 ብንወስድ፣ አንደኛው 2ን ይዞ ሲጠብቅ 3*4 ታች ተሰልቶ 12 ሆኖ ይመጣለታል። የማን ቅድሚያ ነው እያልክ የምትጽፈው ኢፍ የለም፣ ማን ማንን እንደሚጠራ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልብ በል፦ መቀነስን በዋይል ሉፕ አድርገው። ፋንክሽኑ ለቀኙ ወገን ራሱን ከጠራ 10-4-3 በ3 ፈንታ 9 ይሆንብሃል።

ድርብ ሰረዝ፦ እሱ ያለው ልክ ነው፣ ግን ቀመሩን 1001 ጊዜ ከፊደሉ ጀምሮ ማንበብ ምን ይሠራል? የዳይክስትራን ሻንቲንግ ያርድ የሚባል ዘዴ እየው፣ የ1961 ነገር ነው፣ እስካሁን ግን አላረጀም። ምልክቶቹን ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ክምር) ላይ እያቆየ ቀመሩን አንዴ 2 3 4 * + ወደሚመስል ቅርጽ ይቀይርልሃል። ከዚያ በኋላ ቁጥር ሲመጣ ስታክ ላይ መጫን፣ ምልክት ሲመጣ ሁለት አውርዶ ውጤቱን መልሶ መጫን ነው። ቅንፍ የለ፣ ቅድሚያ የለ።

ጠያቂ፦ የድርብ ሰረዝን ሞከርኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ጽሑፍን ወደ ቁጥር በሚቀይረው ስትርቶዲ ቆራረጥኩት። 2+3 ላይ ሳይቀር መደመሪያው ጠፋ! 5-3 ደግሞ 5 እና -3 ብቻ ሆነ፣ መሃል ላይ ምልክት የለም።

ባዶ ጠቋሚ፦ ሃሃ፣ ሁላችንንም በልቶናል። ስትርቶዲ ከቁጥሩ ፊት ያለውን + እና - አብሮ ይውጣል። ፊደሉ አሃዝ ወይም ነጥብ ሲሆን ብቻ ጥራው። እንደ -5 ያለውን አሉታዊ ምልክት ራስህ ለይተህ ያዝ።

ሴግፎልት፦ ወይ ደግሞ ታይኒኤክስፕር የሚባለውን ዝግጁ ላይብረሪ ውሰድ፣ አንድ የሲ ፋይልና አንድ ሄደር ነው። የኤክስን አድራሻ ትሰጠዋለህ፣ ቀመሩን አንዴ ያዘጋጃል፣ አንተ ኤክስን እየቀየርክ ማስላት ብቻ። ግን 2^3^2 ካልነካካኸው 64 ይልሃል እንጂ በሂሳብ የምናውቀውን 512 አይልም። ከቀኝ እንዲጀምር የሚያደርግ ማክሮ (ኮምፓይል ሲደረግ የሚበራ ምርጫ) ስላለው እሱን አብራው።

ጠያቂ፦ የስትርቶዲው ነገር ነበር! አሁን 2+3*4 ላይ 14 አለኝ፣ ሰንጠረዡም እስከ 1000 ወጣ። ላይብረሪውን ተውኩት፣ ሁለት ቀን የለፋሁበትን ኮድ አልጥልም።