አሬይ የማንጠቀም ሰዎችም ፖስትግሬስን በአስቸኳይ ማዘመን አለብን?

ጥያቄ (ከ«ሐይቅ ዳር»)

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት አነስተኛ ድርጅት የደንበኞችና የክፍያ መዝገብ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ የማስተዳድረው እኔ ብቻ ነኝ። ዋናው ሰርቨር ፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) 14.8 ሲሆን፣ የቆዩ ሪፖርቶች የሚወጡበት ሌላ ማሽን ደግሞ እስካሁን በቨርዥን 10 ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የደኅንነት ፍተሻ ያደረጉልን ባለሙያዎች ሲቪኢ-2023-5869 (ሲቪኢ ለታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች የሚሰጥ መለያ ነው) የተባለው ክፍተት ሁለቱንም ማሽኖች እንደሚያሰጋ ጽፈዋል። ማብራሪያው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አሬይ (ብዙ ዋጋዎችን በተራ ቁጥር ደርድሮ የሚይዝ የዳታ ዓይነት) በሚሻሻልበት ጊዜ በሚፈጠር የኢንቲጀር ኦቨርፍሎው (ሙሉ ቁጥር ሊይዘው ከሚችለው ወሰን ማለፍ) ምክንያት ከተመደበው ሜሞሪ ውጭ መጻፍ ይቻላል ይላል።

ሠንጠረዦቻችንን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ የአሬይ ዓይነት ያለው አምድ አንድም አላገኘሁም። ዳታቤዙ ከኢንተርኔት በቀጥታ አይገኝም፤ የሚገቡበት የራሳችን አፕሊኬሽንና ሦስት የሒሳብ ክፍል ባልደረቦች ብቻ ናቸው። ኃላፊዬ አገልግሎቱ እንዲቋረጥ በቀላሉ ስለማይፈቅዱ፣ ጉዳዩ በእርግጥ የሚያስቸኩል መሆኑን አውቄ ላስረዳቸው እፈልጋለሁ። እስከ ዓመታዊው ጥገና ማቆየት ይቻል ይሆን?

መልስ (ከ«የማታ ተረኛ»)

ለኃላፊዎ ለማስረዳት እንዲመችዎ ክፍተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ልጻፍልዎ።

ምልክት ያለው የ32 ቢት ኢንቲጀር ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። በዚህ ላይ አንድ ቢጨመር ውጤቱ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በፖስትግሬስ ደግሞ የአሬይ ተራ ቁጥር ከ1 እንዲጀምር ግዴታ የለም፤ ከዜሮ በታች ካለ ቁጥርም ሊነሣ ይችላል። ባለ አንድ ዳይሜንሽን አሬይ ካለው ወሰን ውጭ ለሆነ ተራ ቁጥር ዋጋ ሲሰጠው ራሱን አስፍቶ በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ በነል (ዋጋ የለም በሚል ምልክት) ይሞላዋል። ታዲያ ከመስፋቱ በፊት አዲሱ መጠን በመደመርና በመቀነስ ይሰላል፤ ከዚያም ውጤቱ ከተፈቀደው ጣሪያ፣ ማለትም በ64 ቢት ማሽን ከ134,217,727 አባላት፣ አለመብለጡ ይፈተሻል።

ፍተሻው ድሮም ነበረ። ችግሩ የሚፈተሸው ቁጥር አስቀድሞ የተበላሸ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ስሌቱ ራሱ ከ32 ቢት ሲያልፍ ውጤቱ ተገልብጦ ትክክለኛ መጠን መስሎ ይታያል፣ ፍተሻውም ያሳልፈዋል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የእሱ ባልሆነ የሜሞሪ ክፍል ላይ ይጽፋል ወይም ከዚያ ያነባል። በዚህ መንገድ የሰርቨሩን ሜሞሪ በሰፊው ማንበብ፣ ከዚያም አልፎ የራስን ኮድ በሰርቨሩ ላይ ማስኬድ ይቻላል።

መፍትሔው የወጣው ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2023) በ16.1፣ በ15.5፣ በ14.10፣ በ13.13፣ በ12.17 እና በ11.22 ነው። አዲሱ ኮድ ስሌቱን የሚሠራው መትረፍረፉን ወዲያው በሚያውቁ ፈንክሽኖች ነው፤ ቁጥሩ ከወሰኑ ካለፈ ትእዛዙ በስሕተት መልእክት ይቆማል። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ በ2013 ዓ.ም. ሲቪኢ-2021-32027 በሚል ቁጥር ተመሳሳይ ክፍተት ተዘግቶ የነበረ መሆኑ ነው። ያ ጥገና አንዳንዶቹን መንገዶች ብቻ ዘግቶ ሌሎቹን ስቷቸው ነበር፤ ስለዚህ «ያኔ አዘምነናል» ብሎ መረጋጋት አይገባም።

መልስ (ከ«ብራና»)

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ እኔ ግን «አሬይ አንጠቀምም» በሚለው ሐሳብ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አጥቂው የእርስዎን ሠንጠረዦች አይፈልግም። በተለመደው አቀማመጥ ማንኛውም የገባ ተጠቃሚ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ መፍጠርም ሆነ በፒኤል-ፒጂ-ኤስኪውኤል (በፖስትግሬስ ውስጥ ባለው የፕሮግራም ቋንቋ) አጭር ኮድ ማስኬድ ስለሚችል፣ አሬዩን እዚያው ራሱ ይፈጥረዋል። በእርስዎ መዝገብ ውስጥ የአሬይ አምድ አለመኖሩ ምንም አይከለክለውም።

ክፍተቱን ለመጠቀም ወደ ዳታቤዙ መግባት ግዴታ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አፕሊኬሽናችሁ የኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በሚሞላ ጽሑፍ ውስጥ የዳታቤዝ ትእዛዝ አስርጎ የማስገባት) ቀዳዳ ካለበት፣ የውጭው ሰው በአፕሊኬሽኑ ስም ገብቷል ማለት ነው። ከአንዱ ባልደረባ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ቢሰረቅም እንዲሁ ነው። ኮዱ የሚሠራው የሰርቨሩ ፕሮሰስ በሚሠራበት የኦፐሬቲንግ ሲስተም አካውንት ስለሆነ ደግሞ፣ ለዚያ ተጠቃሚ የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠትዎ አያድንዎትም፤ የዳታ ፋይሎቹ በሙሉ በዚያ አካውንት እጅ ናቸው። የክብደት ነጥቡ ከ10 8.8 የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዓመታዊውን ጥገና አይጠብቁ።

ጥያቄ (ከ«ሐይቅ ዳር»)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ አሁን ገባኝ። ጊዜያዊ ሠንጠረዥ የመፍጠር ፈቃድን ብነሣ እስከዚያው ይበቃል? ማዘመኑስ ዳታውን አውጥቶ መልሶ ማስገባት ይጠይቃል?

መልስ (ከ«አለኝታ»)

ፈቃዱን መንሣት መንገዱን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም፤ እንደ መፍትሔ አይቁጠሩት።

ከ14.8 ወደ ማንኛውም ሌላ 14 መሄድ ዳታ ማውጣትና ማስገባት አይጠይቅም፤ የፋይሎቹ አቀማመጥ አንድ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ይውሰዱ፣ ቅጂው በትክክል እንደሚመለስ በሌላ ማሽን ላይ ይሞክሩ፣ ከዚያ ፓኬጁን አዘምነው ሰርቨሩን እንደገና ያስነሡት። ይህን ክፍተት ለመዝጋት ቢያንስ 14.10 ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ክፍተቶች ስለተዘጉ ከ14 መስመር የቅርቡን ይምረጡ። ስታንድባይ (የዋናውን ቅጂ ይዞ የሚጠባበቅ) ሰርቨር ካለ ከእሱ ይጀምሩ።

ሲጨርሱ የፓኬጅ ዝርዝር አይመኑ። ወደ ዳታቤዙ ገብተው ቨርዥኑን ራሱን ሰርቨሩን ይጠይቁት፤ አዲሱ ፋይል ዲስክ ላይ ተቀምጦ አሮጌው ፕሮሰስ ሜሞሪ ውስጥ ሲሠራ ሊቆይ ይችላል። ጂስት ወይም ብሪን የተባሉት ዓይነት ኢንዴክሶች (ፍለጋን የሚያፋጥኑ ማውጫዎች) ካሏችሁ በዚያው ጊዜ የወጣውን የቨርዥን ማስታወሻ ያንብቡ፤ ከአንዳንዶቹ የተሳሳተ የፍለጋ ውጤት ሊመጣ ስለሚችል እንደገና እንዲገነቡ ተመክሯል።

የቨርዥን 10 ጉዳይ የተለየ ነው። የመጨረሻው 10.23 በኅዳር 2015 ዓ.ም. ወጥቶ ድጋፉ ቆሟል፤ ይህ መፍትሔ ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ስለዚህ ለእሱ ከፖስትግሬስ ፕሮጀክት የሚጠበቅ ጥገና የለም፤ ድጋፍ ወዳለው ቨርዥን በፒጂ-አፕግሬድ (በፖስትግሬስ የማሻገሪያ መሣሪያ) ማሻገር ይኖርብዎታል። እስከዚያው በፒጂ-ኤችቢኤ ፋይል (ማን ከየት መግባት እንደሚችል በሚወስነው) ሪፖርት ለሚጠየቅበት አንድ ኮምፒውተር ብቻ በሩን ይክፈቱ።

ምላሽ (ከ«ሐይቅ ዳር»)

ቅዳሜ ሌሊት ዋናውን ሰርቨር አዘምኛለሁ፤ አገልግሎቱ የተቋረጠው ከአምስት ደቂቃ በታች ነው። ባትነግሩኝ ኖሮ አልፈው የነበረ ነገርም አገኘሁ፤ ፓኬጁ አዲስ ሆኖ ሳለ ሰርቨሩን ስጠይቀው አሁንም 14.8 ብሎ መለሰልኝ። እንደገና ሳስነሣው ተስተካከለ። የሪፖርቱን ማሽን ቅጂ በሙከራ ማሽን ላይ ወደ 14 አሻግሬዋለሁ፤ ሪፖርቶቹ ግን ከወትሮው እጅግ ዘግይተው ነው የሚወጡት።

መልስ (ከ«አለኝታ»)

ወደ 14 ሲሻገር ፒጂ-አፕግሬድ የሠንጠረዦቹን ስታቲስቲክስ (ፖስትግሬስ ፈጣኑን የፍለጋ መንገድ የሚመርጥበትን መረጃ) ይዞ አይሄድም። በዳታቤዙ ሁሉ ላይ አናላይዝ (ይህንን መረጃ እንደገና የሚሰበስበውን ትእዛዝ) ያስኬዱና ሪፖርቶቹን እንደገና ይሞክሯቸው፤ ትክክለኛውን የሪፖርት ማሽን በሚያሻግሩበት ዕለትም ተጠቃሚዎች ከመግባታቸው በፊት ይህንኑ ያድርጉ።