ክርክር፦ በናዚ ዘመን የፍቅር ፊልም የሠሩ ቼኮች ባንዳ ናቸው?

ሰላም፦ ከ1939 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ፕራግ በናዚዎች እጅ ነበረች። ባራንዶቭ በሚባለው ስቱዲዮ ግን የቼክኛ የፍቅር ፊልም መሠራቱ አልቆመም። ከጦርነቱ በኋላ ታዋቂዎቹ ተዋናዮች ባንዳ ተብለው ታሰሩ፣ ከሥራ ታገዱ። ተገቢ ነበር?

ጋሽ ዳዊት፦ ምን ያከራክራል? ስቱዲዮው የጀርመን፣ ሳንሱሩ የጀርመን። በ1939 ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘጉ፣ ዘጠኝ የተማሪ መሪዎች ተረሸኑ። በ1942 ሊዲትሴ የምትባል መንደር ወንዶቿ ተገድለው እሷም ተቃጠለች። ናዚ የሚፈልገው ሕዝቡ ማታ ሲኒማ ስቆ፣ ጠዋት ዝም ብሎ ፋብሪካ እንዲገባለት ነው። እነሱም ይህንን አደረጉለት።

ህሊና፦ ጋሽ ዳዊት፣ እስቲ ሰዎቹን አንድ በአንድ ይዩልኝ። ኦልድርዢህ ኖቪ በ1939 በወጣው «ክሪስቲያን» ላይ የሴቶችን ልብ የሚሰርቀውን ሰው የተጫወተው ነው። ሚስቱ አይሁዳዊት ነበረች። አልፈታም አለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ካምፕ ገቡ። ዘፋኙ ካሬል ሃሽለር በ1941 ፊልም እየሠራ ሳለ ተያዘ፣ ማውትሃውዘን በሚባለው የናዚ ካምፕ ሞተ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የተዋናይቷ የአና ሌተንስካ ነገር ነው። ባሏ የናዚውን ገዥ ሃይድሪክን የገደሉትን አርበኞች ያከመውን ሐኪም ረድቷል ተባለ። እሷ ኮሜዲ እየሠራች ነበር። የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ፊልሙን እስክትጨርስ ተዋት። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና ሰው አሳቀች። ከዚያ ወሰዷት፣ ጥቅምት 1942 ማውትሃውዘን ላይ ገደሏት። ይህች ናት ባንዳ?

ጋሽ ዳዊት፦ ልጄ፣ ሌተንስካን ማን ነካ? ነፍሷን ይማር። እኔ የምለው እነ ተዋናይቷን ሊዳ ባሮቫን ነው። የናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የጎብልስ ውሽማ አልነበረችም?

ህሊና፦ ነበረች። ያንን ግንኙነት ግን ሂትለር ራሱ በ1938 አስቆመው፤ ጀርመኖች ፕራግ ከመግባታቸው በፊት ማለት ነው። ተዋናይቷ ናታሻ ጎሎቫም ከስቱዲዮው ጀርመናዊ ኃላፊ ጋር ነበረች፤ አልክድም። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ቴሬዚን ካምፕ ሄዳ የታይፈስ በሽተኞችን አስታመመች፣ ራሷም ታመመች። እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። እነ ማርቲን ፍሪችና ኦታካር ቫቭራ በነዚያው ዓመታት ፊልም ሲያዘጋጁ ኖረው ከ1945 በኋላም ሥራቸውን ቀጠሉ። ባሮቫና ሌላዋ ተዋናይ አዲና ማንድሎቫ ግን እስር ቤት ገቡ። ፊልሙ ወንጀል ከሆነ አዘጋጁ እንዴት ነፃ ይሆናል? የተፈረደው በፊልሙ ሳይሆን በሴቶቹ መኝታ ቤት ላይ ነው።

ሰላም፦ ቋንቋውንም አትርሱ። ጀርመንኛ በነገሠበት ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በራስ ቋንቋ የፍቅር ቃል መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ጋሽ ዳዊት፦ ስለ አዘጋጆቹ ያልሽው እውነት ነው፤ እነሱም መጠየቅ ነበረባቸው። ሴቶቹ ግን አይጠየቁ ማለት አይደለም። በዚህ አልለቅሽም።