ጥገና ቤት ገብቶ ለተበላሸ ላፕቶፕ ከፋዩ ማን ነው?

ጠያቂ፦ የኪቦርዱ ፊደሎች አልጽፍ ስላሉኝ ላፕቶፔን መገናኛ አካባቢ ላለ ጥገና ቤት ሰጠሁ። በ2,500 ብር ተስማማን። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ኪቦርዱ ተቀይሯል፤ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። «ድሮም የደከመ ስክሪን ነው፤ 14,000 ብር ክፈልና እንቀይርልህ» አሉኝ። የፈረምኩበት ደረሰኝ ግርጌ ላይ «በጥገና ወቅት ለሚደርስ ተጨማሪ ብልሽት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማኅተም አለ። ልክ ናቸው ወይስ በጠራራ ፀሐይ ተዘረፍኩ?

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ፈርመሃል። ሳያነብ የሚፈርም ሰው በማን ያመካኛል?

ቴክኒሻኑ፦ እኔም ጠጋኝ ነኝ፤ ማኅተሙ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሻይ ያፈሰሰበትን ላፕቶፕ «እንዲሁ አልነሣ አለኝ» ብሎ የሚያመጣ ደንበኛ ሞልቷል። ስከፍተው ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ አረንጓዴ ዝገት ያፈጥብኛል። ያ ዕቃ እጄ ላይ ቢሞት ልክፈል? የአንተ ግን ይለያል ወንድሜ። ክፍሉን አጨልመህ ላፕቶፑን አስነሣና የስልክህን መብራት ስክሪኑ ላይ በአግድም አብራበት። የሚታይህ ነገር አለ?

ጠያቂ፦ አለ! የመግቢያው ምስል፣ ሰዓቱ ሳይቀር፣ እንደ ጥላ ይታያል።

ቴክኒሻኑ፦ እንግዲያው ስክሪኑ ምስል ያወጣል፤ የጠፋው ከጀርባው የሚያበራው መብራት ነው። በብዙ ላፕቶፖች ኪቦርድ ለመቀየር ማዘርቦርዱ ስለሚወጣ የስክሪኑ ገመድ ይነቀላል። ባትሪውን ሳያላቅቁ ከነቀሉት ወይም አጣመው ከሰኩት፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ፊውዝ ልትቃጠል ትችላለች። ገመዱ በደንብ ሳይገባ ቀርቶም ይሆናል። መለኪያ ይዞ ማየት ነው። ሁለቱም ግን ስክሪን የሚያስገዙ አይደሉም።

የሕግ ተማሪዋ፦ ፊርማውም ቢሆን ሁሉን አይዘጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 ሥራ ተቋራጩ፣ እዚህ ጥገና ቤቱ፣ ውጤቱን የሚያስገኘው በራሱ ኃላፊነት ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ከአገልግሎት ግዢ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ሕጉ መልካም። ለ14,000 ብር ብሎ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ማን ነው? ደግሞስ ሲያስረክብ ስክሪኑ ይበራ እንደነበር ማን ይመሰክርለታል?

የሕግ ተማሪዋ፦ ይሄ ጥያቄ ከፊርማው ይከብዳል። ደረሰኙ ላይ ብልሽቱ ምን ተብሎ ተጻፈ?

ጠያቂ፦ በተቀባዩ ልጅ የእጅ ጽሑፍ «ኤ፣ ኤስ፣ ኤል አይጽፉም» ይላል።

ቴክኒሻኑ፦ በጨለመ ስክሪን የትኛው ፊደል እንደማይጽፍ እንዴት አወቀ?

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ደንበኛው ነግሮት ይሆናል።

ጠያቂ፦ እኔ የነገርኩት ኤ እና ኤስ የሚሉትን ፊደሎች ብቻ ነው። ኤልን ያገኛት ልጁ ነው፤ ባንኮኒው ላይ አስነሥቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነካ ሲሞክር። «ይቺም የለችም» ብሎ ጨመራት።

ቴክኒሻኑ፦ ደረሰኙን እንዳትጥል። ነገ ሂድና ገመዱንና ፊውዟን አንተ እያየህ ይለኩ። እምቢ ካሉ ሳታስከፍት ውሰደው፤ ሌላ ሰው ከነካካው በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ የኤል ነገር አሳምኖኛል። ማኅተሙን ሳያነብ መፈረሙን ግን አሁንም አልምረውም።