የሜል ባግስን ፊልም መነሻ ማሳጠር ይገባል?

ጥያቄ፦ ኦቲስቲክ የነበሩት አሜሪካዊ ሜል ባግስ እ.ኤ.አ. በ2007 ዩቲዩብ ላይ ያወጡትን፣ ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጀውን «በቋንቋዬ» የተሰኘ ቪዲዮ ለፊልም ክበባችን ለማሳየት አስበናል። ንግግር የሌለበት መነሻው ተመልካች እንዳያሰለች ይጠር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እባካችሁ አትቁረጡት። ባግስ መስኮት ፊት ቆመው ሲወዛወዙ፣ ያለ ቃል ሲያዜሙ፣ ከቧንቧ በሚወርደው ውሃ ውስጥ ጣቶቻቸውን ሲያመላልሱ የምናይበት ጊዜ የኋለኛው ማብራሪያ መንደርደሪያ ሳይሆን ራሱ የፊልሙ ንግግር ነው። ቀጥሎ የሚሰማው የኮምፒውተር ድምፅ፣ ባግስ የጻፉትን እያነበበ፣ ውሃው የምንም ነገር ምልክት እንዳልሆነ፣ እሳቸው ከውሃው ጋር ውሃውም ከእሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ያህል እንደሚገናኙ ሲነግረን ቃሉ ክብደት የሚኖረው፣ እነዚያን ደቂቃዎች ያለ አስረጂ፣ ምናልባትም ትርጉም እየፈለግን፣ ስላሳለፍናቸው ነው። ካጠረ ግን ተመልካቹ ምስል ያጀበው ማብራሪያ ብቻ አይቶ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ባግስ የተቃወሙትን፣ በቃል ያልተነገረን ነገር እንደ ንግግር ያለመቁጠር ልማድ መልሶ መፈጸም ይሆናል።

ሌላ መልስ፦ እኔም እስማማለሁ። ይሁን እንጂ በፊልሙ ውስጥ የሚደጋገሙት የመፋቅና የመንኳኳት ድምፆች በተለይ ለድምፅ ስሱ የሆኑ ሰዎችን ሊያስጨንቁ ስለሚችሉ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጉ፣ መብራቱን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ፣ መውጣትና መመለስ እንደሚቻልም አስቀድማችሁ ተናገሩ። የአማርኛ ግርጌ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ከሆነም ሁለተኛው ክፍል ላይ ብቻ ይሁን፤ በመጀመሪያው ክፍል «ያዜማሉ» ወይም «ውሃ ይነካሉ» የሚል መግለጫ አታስገቡ።