ጥቆማ፦ ብላስና ላፓክ የሚጭንልኝ ሰው ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ማን አለ?

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ጎበዝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። የማስተርስ ጽሑፌ የአባይን ተፋሰስ የውሃ ፍሰት ማስላት ነው። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ) ተጭኖበታል። የማሰያ ፕሮግራሙን ኮምፓይል ላደርግ (ከኮዱ ልገነባ) ስል «ብላስ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ብላስና ላፓክ ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ የስሌት ኮዶች (ላይብረሪዎች) ናቸው። ሦስት ቀኔ። ኦፕንብላስ፣ አትላስ፣ ኤምኬኤል የሚባሉ የብላስ ዓይነቶች እንዳሉ እሰማለሁ። የቱ ይሻላል? ዳታዬም እያለቀ ነው፤ ሠርቶ የሚሰጥ ሰው ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።

ዳንግላ፦
ሱቅ እንዳትሰጥ! እኔ አምና ሊኑክሱን አጥፍተህ ዊንዶውስ ጫንልኝ ብዬ ላፕቶፔን አንድ ሱቅ ሰጠሁ። «ፋይልህን ገልብጬዋለሁ» አለኝ። ማታ ስከፍተው ባዶ ነው። ከአርሶ አደር ቤት ለቤት ዞሬ የሰበሰብኩት የስምንት ወር መረጃ ጠፋ። ፍላሼ ላይ የቀረችኝ የጥቅምቷ ብቻ ናት። አሁንም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

ቡሬ፦
አይዞህ ወንድሜ። ፎቶሬክ የሚባለውን የጠፋ ፋይል ማውጫ ፕሮግራም ሞክረሃል? የተጻፈበት ካልሆነ ያወጣዋል።

ዳንግላ፦
ዊንዶውስ ተጭኖበታል እኮ።

ቡሬ፦
ቢጫንበትም ያልተነካ ቦታ ይኖራል። ብቻ ከአሁን ወዲያ ምንም አትገልብጥበት። ዲስኩን አውጥተህ በሌላ ኮምፒውተር አስፈትሸው።

ሞጣ፦
ባሕር ዳር የኔ ልጅ አለ፣ እሱ ጋ ሂድ። ስልኬንም ቲቪዬንም የሚሠራልኝ እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው።

እንጅባራ፦
ላፓክ ጭኖ ያውቃል?

ሞጣ፦
እሱ የማያውቀው የለም። ሞጣ ነው የላከኝ በለው፣ ይቀንስልሃል።

እንጅባራ፦
ቲቪ የጠገነ ሁሉ ላፓክ ካወቀማ፣ እኛ አራት ዓመት ምን ስንማር ከረምን?

ፍኖተ ሰላም፦
ራም ጨምር። እኔ 16 ካደረግኩት ወዲህ ጌም ቀጥ ብሎብኝ አያውቅም።

የፔዳ መምህር፦
ወንድሜ፣ ለዚህ ሰው አያስፈልግህም። በራስህ ትጨርሰዋለህ።
ብላስ ማትሪክስ ማባዛትን የመሰሉ መሠረታዊ ስሌቶችን ይሠራል። ላፓክ እሱን ተደግፎ እኩልታዎቹን ይፈታልሃል። መደበኛው የኔትሊብ ብላስ ልክ ያሰላል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። አትላስ ሲገነባ ማሽንህን እየለካ ራሱን ያስተካክላል። ይህ ሰዓታት ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ድካምህ ከንቱ ነው። ኤምኬኤል የኢንቴል ነው። በጣም ፈጣን ነው፣ ግን ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ዳታህን ይጨርሰዋል። እኔ ለተማሪዎቼ የምመክረው ኦፕንብላስን ነው። ነፃ ነው፣ ለየፕሮሰሰሩ የተቃኘ ነው፣ ላፓክንም ይዞ ይመጣል።
ከምንጩ ለመገንባት አትድከም። ተርሚናል ክፈትና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብኦፕንብላስ-ዴቭ ጂፎርትራን» በል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ማለቴ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዴቭ» አደራ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እሷ ላይ ነው። እሷ ከሌለች ላይብረሪው ዲስክህ ላይ ተቀምጦ እንኳ ፕሮግራሙ ሲገነባ አያገኘውም። ከዚያ የድሮውን የቢልድ ፎልደር አጥፍተህ ከሀ ጀምር፤ አለዚያ የትናንቱን ስህተት ይደግምልሃል።
የራሙም ነገር እውነት አለው። 10,000 በ10,000 የሆነ ማትሪክስ ብቻውን 800 ሜጋባይት ይይዛል። አምስት ስድስቱን ከከፈትክ ማሽንህ ይጨነቃል። ግን የውሃ ፍሰት ማትሪክስ አብዛኛው ዜሮ ነው። ዜሮውን ሳትይዝ፣ ስፓርስ አድርገህ አስቀምጠው። ገንዘብ ሳታወጣ ይቀልልሃል።

እንጅባራ፦
መምህር፣ እናመሰግናለን። ልጨምር፦ ሥራህ በፓይተን ብቻ ከሆነ፣ በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) የሚጫነው ነምፓይ የተባለው የስሌት ላይብረሪ ኦፕንብላስን በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። ያኔ ሌላ ምንም አትፈልግም።

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፕሮግራሙ የተጻፈው በፓይተን ሳይሆን በፎርትራን ነው። አሁን አየሁት፤ ኦፕንብላስ አለኝ፣ «ዴቭ» የምትለዋ ግን የለችም። ሦስት ቀን ሙሉ! እዚህ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ፣ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። እመለሳለሁ።

ዳንግላ፦
ቡሬ፣ ዲስኩን አወጣሁት። የሚፈትሽልኝ ኮምፒውተር ሊኑክስ መሆን አለበት?

ቡሬ፦
የግድ አይደለም። በውስጥ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ሞጣ፦
የጮቄ ልጅ፣ ልጁ ጋ ሄድክ?