ማድሪድ ለምትመጡ፦ ቤት፣ ወረቀት፣ ጾም፣ ደሞ የአያት ስም ጉዳይ

ከአዲስ አበባ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ናችሁ። መስከረም ላይ ለማስተርስ ማድሪድ ልመጣ ነው፣ ቪዛው ባለፈው ሳምንት ወጣልኝ ተመስገን። ስፓኒሽ የማውቀው ኦላ እና ግራሲያስ ብቻ ነው። እዛ ያላችሁ እስቲ ስለ ኑሮው፣ ስለ ቤት፣ ስለ ምግብ ምናምን የምታውቁትን ንገሩኝ። ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሁሉ የአሜሪካኖች ነው፣ እነሱ ደሞ ስለ ባህር ዳርቻ ነው የሚያወሩት።

ከማድሪድ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እኔም እንዳንቺ በተማሪ ቪዛ ነው የመጣሁት። ሁሉም ሰው ስለ ቤት ይነግርሻል፣ እኔ ግን ከስም ልጀምር ምክንያቱም እንደሱ ያንከራተተኝ ነገር የለም።

እዚ አገር ሰው ሁሉ አንድ ስም እና ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት፣ አፔዪዶ ይሉታል። እኛ ደሞ የራሳችን፣ የአባት፣ የአያት። አበበ ከበደ ተሰማ ብለሽ ስትሰጫቸው ተሰማ የእናቱ ዘር ይመስላቸዋል። የኔ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የገባው የአያቴ ስም ነው፣ የአባቴ ከኔ ጋር ተለጥፏል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ የሄድኩ ቀን ተቀምጬ ስጠብቅ ነርሷ ወጥታ የአያቴን ስም ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እኔ እቴ ማን ልበል፣ እሳቸው ካረፉ ስንት ዓመታቸው፣ ዞር ዞር ብዬ አየሁና ዝም አልኩ፣ ተራዬ አለፈ። ዩኒቨርሲቲው ደሞ ዲግሪዬን አይቶ በአባቴ ስም መዘገበኝ፣ ባንኩ ሶስቱንም። ከዛ የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ ባንክ ያለችውና ፓስፖርት ላይ ያለችው አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስለዚ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የትም ስትሞዪ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ በዛው ቅደም ተከተል። ዲግሪሽ ላይ ስምሽ በእንግሊዝኛ በ"ዋይ" ፓስፖርትሽ ላይ በ"አይ" ከሆነ አሁኑኑ እዛው አስተካክይ፣ እዚ ሆነሽ ሰው እየላክሽ ውልና ማስረጃ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ ማለት መከራ ነው። ኦንላይን ፎርም ሁለተኛ አፔዪዶ ካልሞላሽ አላሳልፍም ሲልሽ ደሞ ነጥብ አድርጊበት፣ አዎ ነጥብ፣ አንድ ፀሐፊ ናት ያሳየችኝ፣ አንዳንዱ ላይ ይሰራል።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ግን እዚም ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትይዝም፣ ልክ እንደኛ። ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግራት አላመነችም።

ወረቀቱ እንዲህ ነው። ኤምፓድሮናሚየንቶ የሚባል አለ፣ አትደንግጪ የቀበሌ ምዝገባ ማለት ነው በቃ፣ እዚ ቤት ነው የምኖረው ብለሽ ማዘጋጃ ቤት ትመዘገቢያለሽ። ያለሱ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ የነዋሪነት ካርዱ፣ ቲኤ ይሉታል፣ ቪዛሽ ከስድስት ወር በላይ ከሆነ በገባሽ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት አለብሽ፣ 790 ኮድ 012 የሚባል ፎርም ሞልተሽ ባንክ ትከፍያለሽ፣ ከዛ ለአሻራ ቀጠሮ። ቀጠሮው ነው ችግሩ። ሲታ ፕሬቪያ የሚሏትን ቃል ከግራሲያስ ቀጥለሽ ተማሪያት። ክፍት ቦታ የለም፣ የለም፣ የለም ይልሻል፣ እኔ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ ስነካካ በአስራ አንደኛው ቀን ነው የያዝኩት። ቀጠሮ የሚሸጡ ደላሎች አሉ፣ አትክፈያቸው፣ ቀጠሮው በነጻ ነው።

ቤት ስትፈልጊ እንግዲህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ዋጋውን ሳይሆን እዚ አድራሻ ልመዝገብ ትፈቅዳላችሁ ወይ የሚለውን ነው። ብዙ አከራይ አይፈልግም። ክፍሉን በአይንሽ ሳታዪ ደሞ አንዲት ሳንቲም እንዳትልኪ፣ ለንደን ነኝ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ የሚል ሰው ሁሉ ሌባ ነው። እኔ አሁን ላቫፒየስ ነኝ፣ 480 ዩሮ ከነመብራቱ፣ መስኮቱ የሚያየው የውስጠኛውን ግቢ ነው፣ ፀሐይ የምታስታውሰኝ በሰኔ ነው 😅 የመጀመሪያውን ክፍል ለማየት የሄድኩ ጊዜ ሰውዬው ላስ ትሬስ አለኝ፣ ትሬስ ሶስት፣ ጭንቅላቴ ገና አዲስ አበባ ነበርና ጠዋት በሶስት ሰዓት በሩ ላይ ተገኘሁ። ለካ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው። በፒጃማ ወጥቶ አየኝ። ክፍሉን ግን ሰጠኝ።

ቋንቋው አያስፈራሽ። "ኝ" አለን፣ "ኸ" አለን፣ "ር"ን ማንቀጥቀጥ እንችላለን፣ አሜሪካኖቹ አንድ ዓመት የሚታገሉበትን አንቺ ይዘሽው ነው የምትመጪው። ማኛና ሲሉ፣ ነገ ማለታቸው ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ማኛ ጤፍ ነበር የሚታየኝ። ደሞ ከጣልያን የወሰድናቸው ቃላት እዚ ይሰራሉ፣ ፋብሪካ ፋብሪካ ነው፣ ጎማ ጎማ ነው፣ ሳሎን ሳሎን ነው፣ ካምቢዮ እንኳን የመኪናውም የብሩም ነው። መርካቶ መርካዶ ነው። የከበደኝ "አንቺ" ማለት ነው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ሴትዮ አንቺ፣ ፕሮፌሰሩን አንተ፣ በስሙ። ጎረቤቴን ኡስቴድ፣ እርስዎ ማለት ነው፣ ብዬ ብጠራቸው "ይህን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ" ብለው ተቆጡኝ። አሁንም አንቺ ስላቸው ሆዴ ይረበሻል፣ እንደውም እዚ በአማርኛ ስጽፍ እርስዎ ማለት አላቆምኩም፣ አየሽ።

ከኚሁ ሴትዮ ጋር በቡና ተጣልተን ነበር። ሱፐርማርኬት ያለው ቡና ላይ ሜዝክላ ወይም ቶሬፋክቶ የሚል ካየሽ አትንኪው፣ በስኳር የተቆላ ነው፣ ጥቁርና መራራ፣ ናቱራል የሚለውን ፈልጊ። እኔ አላስችል አለኝና ጥሬ ቡና ገዝቼ እሁድ ጠዋት በመጥበሻ ቆላሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ጭሱ በሙሉ ወደ ውስጠኛው ግቢ፣ ግቢው ላይ ደሞ ከፎቅ እስከ ፎቅ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል። የሳቸው አንሶላ ከኔ መስኮት በላይ ነው። እሳት ነው ብለው በሩን ደበደቡት፣ እሳት አለመሆኑን ሲያዩ ይባስ ተናደዱ፣ አንሶላውን አምጥተው አፍንጫዬ ላይ አሸተቱኝ። እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር የሚሸተው። አሁን ከመቁላቴ በፊት አንገቴን አውጥቼ ገመዱን አያለሁ።

ቸኮልኩ፣ ስለ ጾም ማታ እመለሳለሁ።

ከቫሌንሲያ፦

ልጄ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ስፔን ከገባሁ ከሀያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ብርቱካን ለቅሜአለሁ፣ ዕቃ አውርጃለሁ፣ አሁን ተመስገን ነው። የማድሪዷ ልጅ የጻፈችው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ከመምጣትሽ በፊት ማንም የማይነግርሽን ነው። የተማሪ ቪዛ እዚህ መኖሪያ ፈቃድ አይባልም፣ ቆይታ ነው የሚባለው። ዜግነት ለመጠየቅ እኛ አስር ዓመት ነው የሚጠበቅብን፣ በተማሪነት ያሳለፍሽው ጊዜ ግን ከአስሩ አይቆጠርም። ከኮሎምቢያ ወይ ከፔሩ ለመጣ ሁለት ዓመት ነው። ከአፍሪካ ሁለት ዓመት የሚበቃው ለኢኳቶሪያል ጊኒ ሰው ነው፣ ስፔን ትገዛቸው ስለነበር። አንድ ቤት የምትኖር ኮሎምቢያዊት ፓስፖርት ይዛ አንቺ ገና ካርድ ስታሳድሺ ታያለሽ፣ ሕጉ ነው፣ ከልጅቷ ጋር አትቀያየሚ።

ደግሞ ስትማሪ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ስትመረቂ ሥራ መፈለጊያ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል፣ ካርዱ ከማለቁ በፊት ጠይቂ። ብዙ ልጆች ያቺን ቀን እያሳለፉ ነው ወረቀት አልባ የሚሆኑት።

ከባርሴሎና፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እኔ ይሄን የተማሪውን ጉዳይ በሶስተኛ ዓመቴ ነው የሰማሁት፣ ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት 🙈

ለጠያቂዋ፣ ማድሪድ መሆንሽ ጥሩ ነው፣ እኔ ስፓኒሽ ተምሬ መጥቼ ማስታወቂያው ሁሉ በካታላን ሆኖ ቁጭ አለ። የገንዘቡን ነገር ማንም አላነሳም፣ ቢሱም የሚባል አለ፣ የስፔን ቴሌብር በይው፣ በስልክ ቁጥር ነው፣ እራት በልታችሁ ስትወጡ ሁሉም ሰው ድርሻውን በሱ ይልካል እስከ ሳንቲሙ። እኔ ልክፈል ልክፈል የሚል ግብግብ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዷ የማኪያቶ 1 ዩሮ ከ60 ስትጠይቀኝ የሰደበችኝ ነው የመሰለኝ፣ አሁን እኔው ራሴ ነኝ የምጠይቀው።

ከማድሪድ፦

ተመለስኩ። ጋሼ ስለጻፉት እናመሰግናለን፣ እኔም ስለ 30 ሰዓቱ ልጽፍ ነበር።

ጾም። ስሚ፣ እዚ አገር አስተናጋጁን ሥጋ የሌለው ብለሽ ብትጠይቂው ቱና ያመጣልሻል። ቱና አይሆንም ስትዪው ኻሞን ያመጣልሻል፣ የአሳማ ሥጋ፣ ኻሞን ለነሱ ሥጋ ውስጥ አይቆጠርም፣ ምን ውስጥ እንደሚቆጠር እንጃ። ሳንድዊች ቬኸታል የሚል ታያለሽ፣ ቬኸታል የአትክልት ማለት ነው፣ ውስጡ ግን ቱናና እንቁላል ነው። እኔ አንድ ዓርብ ምስር አየሁ ሜኑ ላይ፣ ሌንቴኻስ፣ ደስ አለኝ፣ ማንኪያዬን ሳስገባ ቾሪሶ ብቅ አለ፣ የአሳማ ቋሊማ። ስለዚ ሶይ ቬጋና በያቸው፣ ቪጋን ነኝ፣ ስለ ረቡዕና ዓርብ ማብራራት አያስፈልግም። ጠዋት ፓን ኮን ቶማቴ ይበቃሻል፣ የተጠበሰ ዳቦ ላይ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት፣ ድርቅ ያለ የጾም ቁርስ ነው። በጋ ላይ ጋስፓቾ፣ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ። የጤፍ ዱቄት የጤና ምግብ የሚሸጡባቸው ሱቆች ውስጥ አለ፣ በትንንሽ ከረጢት፣ ዋጋውን ስታዪ ተልባ ልትበዪ ትችያለሽ።

ገበያ ስትገቢ ሰው ተበታትኖ ቆሞ ታያለሽ፣ ሰልፍ የለም ብለሽ እንዳትገቢ። አለ። እንደገባሽ ኪየን ኤስ ላ ኡልቲማ ትያለሽ፣ የመጨረሻዋ ማናት፣ አንዷ እጇን ታነሳለች፣ ከሷ ቀጥሎ ነሽ ማለት ነው፣ ከዛ ሄደሽ መቀመጥ ትችያለሽ። እኔ ይሄን ሳላውቅ አሳ ሻጭ ጋ ሀያ ደቂቃ ዝም ብዬ ቆሜአለሁ።

አንድ ነገር ደሞ አለ፣ ብዙ ጊዜ ይገጥምሻል። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትዪ አዶፕታዳ ነሽ ወይ ይሉሻል፣ በጉዲፈቻ ነው የመጣሽው ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ይከፋሽ ይሆናል፣ ለክፋት ግን አይደለም፣ አገራችን በፈረንጆቹ 2018 የውጭ ጉዲፈቻ እስክትከለክል ድረስ እዚ አገር ብዙ ልጆች መጥተዋል፣ ስፔን በብዛት ከወሰዱት አገሮች አንዷ ነበረች። ከእነዛ ልጆች አንዳንዶቹ አሁን የኛ እኩያ ናቸው። ሜትሮ ላይ ፊቷን አይተሽ ሰላም ልትዪ ስትይ በማድሪድ ልጅ ስፓኒሽ ስልክ ስታወራ ታገኛታለሽ።

ከቫሌንሲያ፦

ልክ ነሽ ልጄ። ያን ጊዜ ጋሪ የሚገፉ ባልና ሚስት መንገድ ላይ ያስቆሙኝ ነበር፣ "እሱም ከኢትዮጵያ ነው" እያሉ። ልጁን ምን ልበለው፣ አቅፌ እስመዋለሁ።

ከማድሪድ፦

ጋሼ አስለቀሱኝ እኮ። አንዷ የክፍሌ ልጅ ናት፣ ስሟም አፔዪዶዋም የስፔን። አንድ ቀን ቦርሳዋ ውስጥ በፕላስቲክ የተሸፈነ ፎቶኮፒ አወጣችልኝ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ነው፣ በአማርኛ፣ በእጅ የተጻፈ፣ የታችኛው ጫፍ ማህተሙ ጠቁሮ የማይነበብ። ትርጉሙ አላት፣ ምን እንደሚል ታውቃለች። የፈለገችው ድምጹን ነው። ስሟ በ"ጨ" ነው የሚጀምረው፣ ወላጆቿ እስከዛሬ በ"ቸ" ነው የሚሉት፣ ስፓኒሽ ውስጥ ጨ የለማ። አነበብኩላት፣ ስሟን ከነአባቷ ስም። ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። ከዛ እሷ ቸ፣ ቸ፣ ቸ፣ ምላስሽን ከላይ አስደግፊና ትንፋሽሽን ያዢ፣ ድንገት ልቀቂው እያልኳት፣ ካፌው ውስጥ ሰው እያየን፣ አንድ አስር ጊዜ ከሞከረች በኋላ ወጣላት። አባቷ አያቷ ምናምን ብላ አልጠየቀችኝም። የአባቷ ስም ውስጥ ምን ያህል ፊደል እንዳለ ነው የጠየቀችኝ፣ አራት አልኳት፣ በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው።

ከአዲስ አበባ፦

እናንተ ሰዎች በእውነት እናመሰግናለን፣ ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ። የስሙን ነገር አሁን አየሁት፣ ዲግሪዬ ላይ አንድ ፊደል ይለያል 😭 ነገ እሄዳለሁ። ጋሼ የሰጡኝን ምክርም ይዣለሁ። ማድሪዷ እህቴ፣ ምን ይዤልሽ ልምጣ? 46 ኪሎ ነው የተፈቀደልኝ።

ከማድሪድ፦

ሽሮና በርበሬ ለራስሽ ያዢ፣ በደንብ አሽጊው፣ ቅቤ ግን ተዪው፣ ከአውሮፓ ህብረት ውጭ የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይጥሉብሻል። ለኔ አንድ የፊደል ገበታ፣ ያ ትልቁ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠው፣ እንዳይታጠፍ ጠቅልለሽ። ለዛች ልጅ ነው። ብሩን በቢሱም እልክልሻለሁ፣ አካውንት እስክትከፍቺ ግን በካሽ ነው፣ አካውንቱ ደሞ ስምሽ ሲስተካከል።